ሙዱ እስኪመጣ አትጠብቂ

ልጄ፣ «ጋሼ፣ ማጥናቱን እፈልገዋለሁ፤ ግን ሙዱ የለኝም» ብለሽኝ ነበር። ከሥራ ስትመለሺ እንደሚደክምሽ፣ የኤሲሲኤውን የሒሳብ ፈተና መጽሐፍ ገልጠሽ ሁለት ገጽ ሳትጨርሺ ስልክሽን እንደምታነሺ፣ ከዚያ ራስሽን ስትወቅሺ እንቅልፍ እንደሚወስድሽ ነገርሽኝ። በስልክ ረጅም ምክር አልወድም፤ ሰሚውም ይሰለቻል፣ ካርዱም ያልቃል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ሙድ ቀድሞ መጥቶ ሥራ የሚከተለው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እጅ ይጀምራል፣ ልብ ቆይቶ ይደርሳል። ባለፈው ወደ ሰርግ ስትሄጂ እየተነጫነጭሽ አልነበር? «ደክሞኛል፣ ጫማዬም አይመቸኝም» ስትዪ ነበር፤ ማታ ግን ጫማሽን አውልቀሽ ከእስክስታው የወጣሽው መጨረሻ ላይ ነው። ደስታው ቤትሽ ድረስ መጥቶ አልጠራሽም፤ ከሄድሽ በኋላ ነው ያገኘሽው። ጥናትም፣ ስፖርትም፣ ጸሎትም ከዚህ ብዙ አይለዩም።

ስለ ልማድ ሲወራ «ዋናው ጠንካራ ፈቃድ ነው» የሚል ሰው ይበዛል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምስክሬም ሁዳዴ ነው። ሲጋራ ለአንድ ሳምንት መተው ያቃተው፣ ጂም ተመዝግቦ ወር ያልዘለቀ ሰው፣ 55 ቀን ሥጋና ወተት ሳይነካ ይወጣዋል። ፈቃዱ በሁዳዴ ብቻ ብረት ሆኖ ነው? ዙሪያውን እዪው። ልኳንዳ ቤቱ ተዘግቷል። ምሳ የሚበላበት ቤት በያይነቱን አሰናድቶ ይጠብቀዋል። ሚስቱ ቅቤውን ከዓይን አርቃ ሽሮውን በዘይት ሠርታለች። ባልደረባው ይጾማል፣ ጎረቤቱ ይጾማል። መቼ እንደሚያዝና መቼ እንደሚፈታ ማንም በየማለዳው ከራሱ ጋር አይከራከርም፤ ቀኑ የታወቀ ነው። በረመዳንም እንዲሁ ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ የሚውሉ ጎረቤቶቻችን ለሱሑሩ ሰዓት አላቸው፣ ለማፍጠሪያው አዛን አላቸው፣ ቴምር የሚያቀብላቸው ሰውም አጠገባቸው አለ።

ጾም ለነፍስ ነው፤ የልማድ ማለማመጃ ነው ማለቴ እንዳይመስልሽ። ነገር ግን ሰው ብቻውን የማይችለውን ነገር ሰዓቱ፣ ቤቱና ጎረቤቱ ሲያግዙት እንደሚችለው ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም። የተገላቢጦሹም ይታያል። በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ያ 55 ቀን የዘለቀው በአንድ ጉርሻ ያበቃል። ማብቃቱ ተገቢ ነው፣ በዓል ነው። ግን ሰውየው በአንድ ሌሊት አልተለወጠም፤ ጓዳው፣ ገበያውና ማዕዱ ናቸው የተለወጡት።

እንግዲህ «ሰነፍ ነኝ» ከማለትሽ በፊት ክፍልሽን እዪ። የምታጠኚው አልጋሽ ላይ ነው። ስልኩ ትራስሽ አጠገብ ቻርጅ ይደረጋል። መጽሐፉ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ይህ ለቲክቶክ የተደራጀ ክፍል ነው፤ አንቺ ደግሞ በየማታው ከገዛ ክፍልሽ ጋር ግብግብ ትገጥሚያለሽ። ቻርጀሩን ሳሎን አውጪው። «ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ስልኩ ነው» እንዳትዪኝ፤ ከሱቅ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢ። መጽሐፉ ማታ በሚነበብበት ገጽ ተገልጦ፣ እስክሪብቶው ላዩ ላይ ተቀምጦ ይደር። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሲደክመን የምናደርገው ለእጃችን የቀረበውን ነው፤ እኔም ብሆን ሪሞቱ ከዳዊቱ ከቀረበኝ የማነሳው ሪሞቱን ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱን ከሌላ ሥራ ጋር አጣብቂው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ «ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ከሚያስብ ይልቅ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ የሚቆርጥ ሰው ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ የተሻለ እንደሆነ አሳይቷል። አያትሽ ጎልዊትዘርን ሳያውቁ ያደርጉት ነበር። መዝሙረ ዳዊት 150 ነው፤ እሳቸው ለሳምንቱ ቀናት ከፋፍለው፣ ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው የዕለቱን ድርሻ ሳያደርሱ ቡና አይቀምሱም ነበር። ከፊት መታጠቡ በኋላ ምን እንደሚመጣ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ እኛ ልጆቹም ድምፃችንን እንቀንሳለን። አንቺም «ማታ አጠናለሁ» አትበዪ። «እራት በልቼ ሳህኔን እንዳጠብኩ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ አንድ ገጽ አነባለሁ» በዪ። አንድ ገጽ ነው ያልኩሽ። ሁለተኛውን ከፈለግሽ አንብቢ፣ ካልፈለግሽ ተዪው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምታለማምጂው እዚያ ወንበር ላይ መቀመጡን ነው፤ ሒሳቡ ይደርሳል።

«21 ቀን ከደጋገምሽው ልማድ ይሆናል» የሚሉሽን ብዙ አትመኛቸው። ማክስዌል ሞልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። ከዚያ ወዲህ አነቃቂ ተናጋሪው ሁሉ «ቢያንስ» የሚለውን እየጣለ ቁጥሩን ብቻ ያዞረዋል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ግን 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለዋል። ሰዎቹ የመረጧቸው ነገሮች እንደ ምሳ ላይ ፍራፍሬ መብላት ወይም ከእራት በፊት 15 ደቂቃ መሮጥ ያሉ ቀላል ነገሮች ነበሩ። ድርጊቱ ሳያስቡት የሚመጣ እስኪሆን የፈጀው ጊዜ በመካከለኛው ግምት 66 ቀን ነው፤ ግን ለአንዱ 18፣ ለሌላው ደግሞ በስሌት ሲገመት እስከ 254 ቀን ይደርሳል። የሥራ ባልደረባሽ በሦስት ሳምንት ለመደችው ብለሽ አትናደጂ። እሷ ምናልባት ውሃ መጠጣትን ነው የለመደችው፤ አንቺ የያዝሽው የሒሳብ አያያዝ ፈተና ነው።

ከዚሁ ጥናት ከቁጥሮቹ ይልቅ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን የዘለለ ሰው ብዙም የጎደለበት ነገር አልነበረም። እኛ ግን አንድ ቀን ስንዘል «በቃ ፈርሷል» እንላለን፣ ከዚያ «ሰኞ እጀምራለሁ»፣ ከዚያ «መስከረም 1 እጀምራለሁ»። መስከረም 1 ቀን ቆንጆ ነው፤ አደይ አበባው አለ፣ አዲስ ልብሱ አለ። ለመጀመሪያ ቀንነት ግን ማክሰኞን እመርጥልሻለሁ፤ ማክሰኞ ማንም እንኳን አደረሰሽ ስለማይልሽ ሥራውን እንዳለ ታዪዋለሽ። ቀን ከዘለልሽም በማግስቱ እንደተለመደው ሳህንሽን አጥበሽ ተቀመጪ። ያለፈውን ዕዳ ለመክፈል አስር ገጽ አታንብቢ፤ ያኔ ነው ወንበሩን የምትጠዪው።

አሁን ወደምወደው ወደ ዕቁብ ልሂድ። ገንዘብ ማስቀመጥ ከልማድ ሁሉ ከባዱ ይመስለኛል፤ ሕዝባችን ግን ለዚያ መላ አበጅቶለታል። ጡረታ ሳልወጣ ደመወዝ በተከፈለ ማግስት የምንጥለው ዕቁብ ነበረን። ጸሐፊው ደብተሩን በክንዱ ይዞ በየጠረጴዛው ይዞራል፤ ብሩን ቆጥሮ ከስምሽ አጠገብ ምልክት ያደርጋል፣ ብሩን ያልሰጠ ካለ እዚያው ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከሰዓት በኋላ የተጠቀለሉት ቁራጭ ወረቀቶች ባርኔጣ ውስጥ ይገባሉ፤ ሻይ የምታፈላልን ልጅ ፊቷን አዙራ አንዱን ታወጣለች። ዕጣው የወጣለት ዋስ አስፈርሞ ይወስዳል። ያ ጸሐፊ «ዛሬ የመቆጠብ ሙድ አለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ጠይቆ ቢሆን ዕቁቡ በሁለተኛው ወር ይፈርስ ነበር። በዚያ ዕቁብ ቤታቸውን ቆርቆሮ ያለበሱ፣ ልጅ የዳሩ ሰዎች ነበሩ፤ ብቻቸውን ቢሆኑ ደመወዛቸው ወሩን አጋምሶ የማያውቅ።

ለጥናትሽም ዕቁብተኛ ፈልጊ። ያንኑ ፈተና የሚፈተኑ ሁለት ሰዎች ይበቁሻል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት አንዳችሁ ቤት ተገናኙ፤ እያንዳንዱ የደረሰውን ምዕራፍ ለሌሎቹ ያስረዳ፣ የቀረ ሰው የቡናውን ይክፈል። ቅጣቱ ትንሽም ቢሆን ይኑር፤ ዕቁብ ያለ ቅጣት አይሄድም። ሯጮቻችንም በየጫካው ተሰልፈው አንዱ የሌላውን ተረከዝ እያየ የሚሮጡት ብቻቸውን መንገዱ ጠፍቷቸው አይደለም። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። በመካከሉ 17 ዓመት አለ። ለ17 ዓመት በየንጋቱ ሙድ የሚሰጥ አምላክ የለም።

እስካሁን ያወራሁሽ ስለ ሥራው ነው፤ አንቺ ግን «ደስታም የለኝም» ብለሽኛል። ይህኛው ይበልጥ ያሳስበኛል።

ደስታ ሥራ ሲያልቅ የሚገኝ ሽልማት ይመስለናል። ባርባራ ፍሬድሪክሰን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያቀረበችው ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ፍርሃትና ቁጣ ዓይናችንን አንድ ነገር ላይ ያጠብቡታል፤ ለማምለጥ ወይም ለመጣላት ያዘጋጁናል። ደስታ፣ ጉጉትና ምስጋና ግን አስተሳሰባችንን ያሰፉታል። ሰው ሲሰፋ ይጫወታል፣ ይጠይቃል፣ ይወዳጃል። ስሜቱ ራሱ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል፤ በዚያ ጊዜ ያገኘነው ወዳጅና ዕውቀት ግን ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ይህን እዚህ አገር ለማስረዳት አንድ ረከቦት ይበቃል። እናትሽ ከጎረቤቶቿ ጋር ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጣ ስትስቅ «ጊዜ ማባከን» ትዪው ነበር። አባትሽ ባረፈ ዕለት ግን ንጋት ላይ ድንኳን ያስተከሉት፣ ውሃ የቀዱት፣ እንግዳ ያስተናገዱት እነዚያው ሲስቁ የነበሩት ሴቶች ናቸው። እድሩ መዋጮ ሰበሰበ፤ ፍቅሩን ያጠራቀመው ግን ቡናው ነው። አንቺ ደግሞ ክፍሉን ከተከራየሽበት ቀን ጀምሮ የአከራይሽን የቡና ጥሪ «ሥራ አለብኝ» እያልሽ መልሰሻል። አንዱን እሁድ እሺ በያት። ቻርጀሩን ሳሎን አውጪው ያልኩሽ ለጥናቱ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ከሰው ጋር እንድትቀመጪም ነው።

ምስጋናንም ልማድ አድርጊው፤ ግን በጥንቃቄ። እኛ በቀን ስንት ጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን! ከብዛቱ የተነሳ አፋችን ይለዋል፣ ልባችን ሌላ ቦታ ነው። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማከላ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ደስ ያሰኟቸውንና የሚያመሰግኑባቸውን እስከ አምስት ነገሮች በሳምንት አንዴ ለ10 ሳምንት የጻፉ ተማሪዎች፣ የሚያበሳጫቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው፤ ስፖርትም አብዝተው ይሠሩ ነበር። በሳምንት አንዴ ነው፤ በየቀኑ ካደረግሽው ከአፍ ልማድ እንዳይቆጠር እፈራለሁ። ስትጽፊም «ስለ ጤናዬ» ብለሽ አትለፊው። «ሐሙስ ዝናብ ሲይዘኝ የታክሲው ረዳት በሩን ዘግቶ ሊሄድ ሲል አይቶኝ አስቆመልኝ» ብለሽ ጻፊ። እንዲህ ያለውን ለመጻፍ ሳምንቱን ሙሉ ዓይንሽ ክፍት መሆን አለበት፤ ጥቅሙ ያለውም እዚያ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ሲባል ሐዘንሽን በፈገግታ ሸፍኚው ማለቴ አይደለም። አሁን አሁን «ፖዘቲቭ ሁኚ» የሚባል ነገር መጥቷል፤ ያዘነ ሰው ላይ ሲወረወር ከስድብ አይተናነስም። ለቅሶ ቤት ገብቶ እንዲህ የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ፍራሽ ላይ ዝም ብሎ አብሮ ይቀመጣል እንጂ። አባትሽን ያጣሽ ገና ዓመት አልሞላሽም። ከድካምሽ ከፊሉ ስንፍና አይደለም፣ ሐዘን ነው፤ ሐዘን ደግሞ በጊዜ ሠሌዳ አይገባም። ማልቀስ ሲመጣ አልቅሺ፣ እናትሽ ጋ ደውዪ። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ካለሽ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ጸበል ብትሄጂም አብሮ ይሄዳል፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሁሉን በአንዴ አትጀምሪ። የዚህ ሳምንት ሥራሽ ቻርጀሩና አንዷ ገጽ ብቻ ናቸው። ዕቁብተኞቹን በሚቀጥለው ወር ፈልጊ። የምስጋናውን ደብተር ከፈለግሽ እኔ እልክልሻለሁ፤ ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ ያልተጻፈባቸው ደብተሮች መደርደሪያው ላይ አቧራ ይጠጣሉ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስትጨርሺ ደውዪልኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ፤ ሒሳቡ ባይገባኝም እያስረዳሽኝ አዳምጣለሁ።