እርዳታው እስኪደርስ

ልጄ፣ እናት ሆነሻልና ልምከርሽ። ልጅሽን በወቅቱ አስከትበሻል፣ ጡትሽን ሳትሰስቺ አጥብተሻል፤ እሰየው። አንድ ግን ይቀርሻል። የልጅሽ ትንፋሽ ድንገት ቢቆም ምን እንደምታደርጊ ከወዲሁ እወቂ። ሐኪሞች ሲፒአር የሚሉትን፣ ደረት በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት ነፍስ የማቆየት ዘዴ ተማሪ። ባለቤትሽም ይማር።

አንጎል ያለ አየር ብዙ አይታገሥም። ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ካለፈ ጉዳቱ ይጀምራል። ከአምበር ከተማ እስከ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መንገዱ አስፋልት ቢሆንም፣ መኪና የቱንም ያህል ቢከንፍ በዚያች ጊዜ አይደርስም። በአነደድ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች ላለች እናት ደግሞ፣ በክረምት ጭቃ በቃሬዛ ተይዞ አስፋልት መውጣቱ ራሱ ትልቅ ጉዞ ነው። ስለዚህ ለልጁ ቀድሞ የሚደርሰው አጠገቡ ያለው ሰው ነው።

አደጋው ከደጃችን አይርቅም። ዳዴ የሚል ሕፃን ከመደብ ሥር የወደቀች ሽምብራ ለቅሞ ይውጣል። ከብት ጠባቂው ልጅ ክረምት የሞላው ወንዝ ውስጥ ይገባል። ክዳን የሌለው የውኃ ጉድጓድ ጓሮ ውስጥ አፉን ከፍቶ ይውላል። ደጋው ላይ መብረቅ ይወርዳል፤ የተመታው ሰው ገላ ኤሌክትሪክ ይዞ አይቆይምና ሳትፈሪ ንኪው።

ውኃ የበላውን ልጅ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል፣ ራሱን የሳተውን ክብሪት ማሽተት፣ ፊቱ ላይ ውኃ መርጨት፣ አባቶቻችን በቅንነት ያደረጉት ነው። ነገር ግን ያቺን ውድ ደቂቃ ይበላል። አንቺ እንዲህ አድርጊ፦

ጥሪው፤ ነካ አድርገሽ ቀስቅሺው። ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ ጎረቤት ተጣሪ፣ አንዱ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል። ልጁን ጠንካራና ደልዳላ ቦታ ላይ በጀርባው አስተኚው። ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ደረቱን በሁለት እጅሽ አቅፈሽ በአውራ ጣቶችሽ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጫኚ። ከፍ ያለውን በመዳፍሽ ግርጌ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጫኚ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን። በየመሃሉ ደረቱ ወደ ቦታው ይመለስ። 30 ጊዜ ከተጫንሽ በኋላ አገጩን ቀና አድርገሽ 2 ጊዜ እፍ በይለት፤ ለሕፃን አፍና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፍሽ ሸፍኚ። ውኃ የበላውን ልጅ በትንፋሽ ጀምሪለት። ልጁ እስኪነቃ ወይም ባለሙያ እስኪረከብሽ አታቋርጪ። ማርያምን ጥሪ፤ እጅሽ ግን ከደረቱ አይነሳ።

ትን ያለው ልጅ የሚስል ከሆነ ይሳል፤ ተይው። ድምፁ ከጠፋ ግን ከ1 ዓመት በታች ያለውን በክንድሽ ላይ በደረቱ አስተኝተሽ፣ ራሱን ዝቅ አድርገሽ፣ በትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ ምቺው፤ ገልብጠሽም ደረቱን 5 ጊዜ ተጫኚ። የማታዪውን ነገር በጣትሽ አትፈልጊ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል።

ሁሉም ይተርፋል አልልሽም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ግን የልጁን ዕድል ይዘጋል። በ1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደረት የመጫንን ዘዴ ሲያስተዋውቁ፣ ከሁለት እጅ በቀር መሣሪያ እንደማይሻ አሳይተዋል። ሁለት እጅ ደግሞ ድሃም ሀብታምም አለው።

ይህን ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ እጅ የሚለምደው በአሻንጉሊት ላይ ሲሠራ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ጠይቂ። ልጁን የምትይዘው አያት፣ ሞግዚትና ታላቅ እህትም ይማሩ፤ አደጋ አንቺ ቤት እስክትገቢ አይጠብቅም።

ዕድራችን ለቀብር ድንኳን ገዝቷል፣ ለለቅሶ ገንዘብ አዋጥቷል። አንድ ቀን ደግሞ ለሕይወት ይሰብሰብ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ተነሺና አሠልጣኝ ይጠራልን በይ። እኔም ከአንቺ ጋር እነሳለሁ።