ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

ልጆቼ፣ የቤቴል ሰዎች፣ የአባቶቻችንን አባባል ታውቁታላችሁ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መታጠቅ የሚገባው ቁጭ ብለው፣ ልብ ረግቶ፣ ክፉው ነገር ገና በሩቅ ሳለ ነው። እሳትም ጎርፍም የሚናድ አፈርም ቀን ቆርጠው፣ መልእክተኛ ልከው አይመጡም። ዛሬ የማነሣላችሁ ይህንኑ ነው። በሰፈራችን ጡረታ የወጡ ወታደሮች አሉ፤ በፈቃዳቸው ተጠባባቂ ሆነው የተመዘገቡ ጎልማሶች አሉ፤ በየብሎኩ ሌሊት የሚዞሩ የሰላም ሠራዊት ልጆች አሉ፤ የእድር እናቶችና አባቶች አሉ። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ተቀምጠው የአደጋ ጊዜ ሥልጠና ይውሰዱ እላለሁ።

«ምን ያደርግልናል? እኛ እንደሆን ሰው ሲጮህ መድረስ እናውቃለን» የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ መድረስ እናውቃለን። እኔን ያስፈራኝም ይኸው አደራረሳችን ነው።

የከተማችን የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየጊዜው የሚያረዳን አንድ ዓይነት ሞት አለ፤ የጉድጓድ ሞት። አንድ የቀን ሠራተኛ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሊያጸዳ፣ ወይም ተከድኖ የቆየ የውሃ ጉድጓድ ሊጠርግ ይወርዳል። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ይጠፋል። ጓደኛው ከላይ ሆኖ ይጣራል፤ መልስ የለም። ሸሚዙን ጥሎ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ይወርዳል፤ እሱም አይወጣም። ሦስተኛው ወንድም ነው፤ ወንድምን ማን ይይዘዋል? የገደላቸው ጭቃው አይደለም፣ አየሩ ነው። ተከድኖ በቆየ ጉድጓድ ውስጥ የሚተነፈስ አየር ያልቅና መርዘኛ ጋዝ ይተኛበታል። ዓይን አያየውም፤ ሽታው ቢኖርም አፍንጫን ቶሎ ያደነዝዛል። ትንሽ ከማጉት ጉልበት ይከዳል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለሆዳም ብቻ መስሎን ኖረናል፤ ለደግ ሰውም ይሠራል።

ሥልጠና ያገኘ ሰው እዚያ አፋፍ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ከሁሉ የሚከብደውን ነው። ይቆማል። ሊወርድ የሚታገለውን ጎረቤቱን ወገቡን ይይዛል። ወደ 939 ያስደውላል፤ የኮሚሽኑ ሰዎች አየር ተሸክመው፣ ገመድ ታጥቀው እስኪደርሱ ድረስ ሰውን ከአፋፉ ያርቃል። ወንድ ልጅ፣ በተለይ ወታደር የነበረ፣ ቆሞ ማየት ውርደት ይመስለዋል። አውቃለሁ። ግን ያ ሰው የያዘው ወገብ የአንዲት እናት ሁለተኛ ልጅ ነው፤ ለእሷ ሁለት ሬሳ ከማቀበል አንዱን ማስቀረት ይሻላል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችሁ አልቅሳችኋል። ዝናብ የጠገበ ተራራ ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ዋጠ። አገሬው እንደ ወጉ ነቅሎ ወጣ። ባለሥልጣኑ፣ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ ገበሬው፣ ሁሉም በእጁና በዶማ ይቆፍር ጀመር። እነሱ ሲቆፍሩ ተራራው ዳግመኛ ተናደ። ከ220 በላይ ሰው አለቀ፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ ሊያድኑ የሄዱት ነበሩ። እነዚያን ሰዎች የሚወቅስ አፍ ይዘጋ፤ ከእነሱ የሚበልጥ ፍቅር የለም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተናደ አፈር ደግሞ እንደሚናድ የተማረ አንድ ሰው፣ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ስንጥቁን የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ፣ «አሥር አሥር ሆናችሁ ግቡ፣ ሌላው ከዚህ ራቅ ብሎ ይቁም» የሚል አንድ የሚሰማ ድምፅ ቢኖር ኖሮ ስንት ቤት ይተርፍ ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ይህ የኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያፈርሳት፣ ማንም ያላደራጃቸው ነዋሪዎች በባዶ እጃቸው ከ800 በላይ ሰው ከፍርስራሽ አወጡ ይባላል፤ በዚያው ሥራ ከእነሱ መቶ ያህሉ ሞቱ። የሎስ አንጀለስ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ይህን አይቶ የራሱን ከተማ ነዋሪዎች ማሠልጠን ጀመረ፤ ያ ልማድ ኋላ በመላው አሜሪካ ተስፋፋ። ብልህ በሰው ይማራል፣ ሞኝ በራሱ። እኛ በራሳችንም በሰውም አይተናል፤ ከእንግዲህ ምን እንጠብቃለን?

ቆሼ እንኳ ሩቅ አይደለም፤ ጎረቤታችን ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው ያ ተራራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ንግግር ተደረገ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ፣ ገበሬው አልፈልግም ሲል እንደገና ወደ ቆሼ መመለሱን አስታውሱ። ያን የወሰኑት ሌሎች ናቸው፤ በዚያ ላይ የኔም የእናንተም እጅ አልነበረበትም። በእጃችን ያለው፣ ነገ በኛ መንደር አንድ ነገር ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እንዴት እንደምንቆምባቸው ነው። የእሳት አደጋ መኪናው ከጣቢያው ተነሥቶ፣ በአየር ጤና ወይም በጦር ኃይሎች የመኪና ሰልፍ ውስጥ ተሽሎክልኮ እስኪደርስ ድረስ ሰፈሩ የኛ ነው።

መኪናውስ ቢመጣ ቤቱን እንዴት ያገኘዋል? እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ በስልክ «የት ናችሁ?» ስትባሉ ምን ትላላችሁ? «ከሆስፒታሉ ወረድ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ገባ ብሎ፣ ቀይ በር።» በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይህንንም አያስተካክልም፤ «ቶሎ ድረሱልን!» ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ ሥልጠናው ከስልክ ይጀምር። ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ ተናግሮ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «ይበቃል» እስኪል ስልኩን አለመዝጋት። ሁለት ልጆች ወደ ዋናው መንገድ ይሮጡ፣ መኪናውን ይምሩ። ሌሎች ቅያሱ ላይ የቆመውን መኪናና የሱቅ ዕቃ ያስነሡ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ የመንገዱ ጥበትና የሰዉ ግፊት ሥራውን ምን ያህል እንዳከበደው ሰምተናል። ሊረዳ የመጣ ሰው መንገድ ሲዘጋ ምን ይባላል?

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ ውትድርና ያያችሁ ወንድሞቼ። የምንኖርባት ኮልፌ ለሥልጠና እንግዳ አይደለችም፤ ኔልሰን ማንዴላ ሳይቀሩ በ1954 ዓ.ም. እዚሁ ኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ትምህርት ተምረዋል። እናንተ ትእዛዝ መስማት ታውቃላችሁ፤ ተራ መያዝ፣ ሌሊት መንቃት፣ ደም አይቶ አለመደንገጥ ታውቃላችሁ። ይህ ለሰፈር ትልቅ ሀብት ነው። ግን የመንደር እናት ግዳጅ አትቀበልም፤ «ውጪ!» ብትሏት በሩን ዘግታባችሁ ትቀመጣለች። ድምፃችሁን ዝቅ ማድረግ፣ «እማማ፣ ይነሡ፣ እኔ እይዝዎታለሁ» ማለት መማር አለባችሁ። እናንተ ደግሞ የእድር እናቶች የትኛው ቤት ውስጥ ከአልጋ የማይነሡ ሽማግሌ እንዳሉ፣ የትኛዋ ልጅ የሚጥል በሽታ እንዳለባት፣ የትኛው ተከራይ በር ቆልፎ ሕፃን ትቶ ሥራ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ይህን የሚነግር ካርታ የትም አይገኝም። ወታደሩ ሥርዓቱን፣ እናቲቱ ቤቱን ያውቃሉ፤ ሁለቱ አብረው ካልተማሩ በአደጋ ቀን አንዱ ሌላውን ሲገፋ ይውላል።

በሥልጠናው ቀን የምትማሩት ነገር ተአምር የለውም። ደም ሲፈስ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ፣ በመዳፍ ጠበቅ አድርጎ ተጭኖ መያዝ፤ «ቆመ ወይ?» እያሉ እየገለጡ አለማየት። ከፎቅ የወደቀን ሰው አንገቱን ሳይደግፉ ብድግ አድርጎ ታክሲ ውስጥ አለመወርወር። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ከመንካት በፊት ቆጣሪውን ማጥፋት። በክረምትና በበዓል ሌሊት የከሰል ማንደጃ ይዞ በዝግ ክፍል አለመተኛት፤ የዚህ ጭስ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ አለው፣ ስንቱን ቤተሰብ እንደፈጀ ዜናው በየዓመቱ ይመጣል። ልቡ የቆመን ሰው በደረቱ መሀል ሁለት መዳፍ ደራርቦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች። እዚህ ላይ ከወታደሩ ይልቅ እናቶች እንደሚበልጡ እገምታለሁ፤ ሙቀጫ ላይ ቡና የወቀጠ ክንድ ሳያቋርጡ፣ እኩል እኩል መምታትን ያውቃል፤ ፍጥነቱን ብቻ መጨመር ነው። ቀይ መስቀላችን በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ሊገባ ሲል የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ ከዚያን ጊዜ አንሥቶ የቆሰለን ማንሣት ሥራው ነው። አምቡላንሱ በ907 ይጠራል፤ የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርትም ይሰጣል። አስተማሪ አጣን የምንልበት ምክንያት የለንም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልሸፋፍን ልናገር። «ሥልጠና» ሲባል ፊታቸው የሚጠቁር ሽማግሌዎች አሉ፤ ምክንያት አላቸው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ አፈሳ ምን እንደነበረ ያየ ሰው፣ ልጁ «ስብሰባ ተጠራሁ» ሲለው ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ይህ ነገር በእውነት በፈቃድ ይሁን። ማንም ስላልመጣ ስሙ አይያዝ፣ ማንም ስለመጣ የማንም ወገን አይባል። ሥልጠናውን ወስዶ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ የለበሰ ልጅ በበነጋው መታወቂያ ጠያቂ፣ ሱቅ ፈታሽ ሆኖ ካየነው ሰፈሩ በሩን ይዘጋበታል፤ በአደጋ ቀንም አይከፍትለትም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ ሰደርያው መጨረሻ ይምጣ። የተጠባባቂነቱ ጉዳይ የሠራዊቱ ነው፣ እዚያው በሕጉ ይሂድ፤ እዚህ ሰፈር ስትቆሙ ግን ጎረቤት ናችሁ።

እድራችንንም ልውቀስ፤ የኔው ስለሆነ አልፈራም። ድንኳን አለን፣ አግዳሚ ወንበር አለን፣ ብረት ድስት አለን፣ የሟች ቤተሰብ የሚጽናናበት ገንዘብ አለን። ቃሬዛ ግን የለንም። ረጅም ገመድ የለንም፤ በባትሪ የሚሠራ መብራት፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን፣ ሁለት የእሳት ማጥፊያ የለንም። ለቀብር ይህን ያህል የተደራጀ ማኅበር ላለመቀበር እንዴት አይደራጅም? የአንድ ወር መዋጮ ቢጠራቀም ይህን ይገዛል ብዬ አምናለሁ፤ ካልበቃም ሁለተኛውን ወር እንጨምር። ዕቃው ደግሞ የእድሩ ጸሐፊ ብቻ ቁልፍ ይዞ በሚጠፋበት መጋዘን አይቆለፍ፤ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት በሩን አንኳኩቶ የሚያወጣው ሰው በስም ይታወቅ።

የተማራችሁትም አንድ ጊዜ ተምሬያለሁ ብላችሁ አትቀመጡ። እጅ ይረሳል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ፎቅ ላይ ያለው ሰው በሌሊት ልብሱ ደረጃ ለደረጃ ሲተራመስ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ረሳነው። በስድስት ወር አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ከክረምት በፊትና ከበዓላት በፊት፣ ልምምዱ ይደገም። ፌዝ ይበዛበታል፣ ልጆች ይስቃሉ፣ «አቶ እገሌ ሞተው ተኙ» እየተባለ ይቀለዳል፤ ይቀለድ። ሳቅ ያለበት ትምህርት አይረሳም።

እንግዲህ በሚመጣው የእድር ስብሰባ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይመዝገብ። አባወራ ብቻ አትላኩ፤ አባወራ ቀን ሥራ ነው፣ አንዳንዱም ማታ ሌላ ቦታ ነው። ቀን ቤት የሚውሉትን፣ የቤት ሠራተኞችን፣ የጥበቃ ዘበኞችን፣ ሱቅ የሚጠብቁትን ወጣቶችና አሥረኛ ክፍል የደረሱ ልጃገረዶችን አስመዝግቡ። ወታደር የነበራችሁ አሥር ሰው ከፊት ሆናችሁ ተራ አስይዙልን። የወረዳውን ሰዎችና የኮሚሽኑን አሠልጣኞች የሚያነጋግሩ ሦስት ሽማግሌዎች እንመርጣለን፤ እኔ ከሦስቱ አንዱ እንድሆን ብትሉኝ ጉልበቴ እስካለ አልሰንፍም። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ጉድጓድ ይሁን፤ በሰፈራችን ገና ያልተከደነ ጉድጓድ ያለው ሰውም እስከዚያው ሳንቃ ያድርግበት።