ከወለድ ሸሽቶ ወደ ውሸት?

በአሜሪካ ለኮሌጅ የመንግሥት እርዳታ የሚሻ ተማሪ «ፋፍሳ» የተባለውን ቅጽ ይሞላል። ቅጹ የቤተሰቡን ገቢ ይጠይቃል። ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ «ፔል ግራንት» የሚባል የማይመለስ ድጎማ ያገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በጀመረው የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። የመንግሥቱ ብድር ግን ወለድ አለበት።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ አባት «ልጄን ከሪባ ላድን» ብሎ በእጅ የተቀበለውን ገቢ ይደብቃል። ኒያው መልካም ይመስላል። ነገር ግን ድጎማው የችግረኛ ሐቅ ነው፤ ቅጹም የተፈረመበት ቃል ነው። ሪባን የከለከለው አላህ ውሸትን ፈቅዷልን? ከአንድ ሐራም ሸሽቶ ሌላው ውስጥ መውደቅ መዳን አይደለም። እውነቱን ጽፎ የጎደለውን ክፍያው አነስተኛ በሆነ ኮሌጅና በሥራ መሙላት ይሻላል። ልጁ ከኮሌጁ በፊት ከአባቱ እጅ ይማራልና!