ውሃውን መስረቅ ወይስ ጉድጓዱን መቆፈር?

ለዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጉዳይ ከአንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጥያቄ የተነሣ ነው። በአንድ መስጊድ ግቢ ውስጥ በምትገኝ መድረሳ ቅዳሜና እሁድ ለልጆች የኮምፒውተር አጠቃቀም አስተምር ነበር። የዕለቱ ትምህርት ጽሑፍ መተየብ ሲሆን፣ እንዲለማመዱበት የሰጠኋቸው ስለ አማና ያዘጋጀሁትን አንድ ገጽ ማስታወሻ ነበር። ልጅቷ ተይባ ስትጨርስ ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቅ ያለውን የእንግሊዝኛ መልእክት እየጠቆመች፣ «ኡስታዝ፣ ይህ ፕሮግራም ሕጋዊ ቅጂ አይደለም ይላል እኮ። አልገዛነውም እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ።

እውነቱን ለመናገር አልገዛነውም። ከአንድ ሱቅ ከነመክፈቻ ቁልፉ ተገልብጦ የመጣ ነበር። እኔም «ሁሉም ሰው የሚጠቀመው እንዲሁ ነው» ብዬ አለፍኳት። ልጅቷ ዝም አለች። እኔ ግን ስለ አማና የሚናገር ወረቀት አማና በጎደለበት መሣሪያ ማስተየቤ ለብዙ ቀናት ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ለመሆኑ ብዙዎቻችን ለዚህ ሥራችን የምናቀርባቸው ምክንያቶች ምንድን ናቸው? ሦስቱን ብቻ እንመልከት።

የመጀመሪያው «ብንገለብጠው ከባለቤቱ ምን ይጎድልበታል?» የሚለው ነው። በግ የሰረቀ ሰው ባለቤቱን በግ አልባ ያደርገዋል፤ ፕሮግራም የገለበጠ ሰው ግን ዋናውን እዚያው ትቶት ይሄዳል። ይህ በቀላሉ የሚናቅ ክርክር አይደለም። ዒልም እንደ ዕቃ በግል ሊያዝ አይችልም በማለት የተከራከሩ ዓሊሞችም ነበሩ። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1988 ኩዌት ላይ ባካሄደው አምስተኛ ጉባኤው የደራሲነትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውንና ሊደፈሩ እንደማይገባ ወስኗል። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል። ፕሮግራመሩም እንደማንኛውም ባለሙያ ሌሊቱን ሠርቶ፣ ጠዋት ልጆቹን የሚመግብ ሰው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት «ባለቤቶቹ ሀብታሞች ናቸው፤ ሙስሊሞችም አይደሉም» የሚለው ነው። ይህንን የሚል ወንድም የሂጅራዋን ሌሊት ያስታውስ። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲወጡ ሊገድሏቸው የተማከሩት ቁረይሾች በእርሳቸው ዘንድ ያስቀመጡት አደራ ነበር። «ጠላቶቼ ናቸውና ይቅርባቸው» አላሉም። ዓሊን (ረ.ዐ) አደራውን ለየባለቤቱ እንዲመልስ መካ ላይ አስቀርተውት ሄዱ። ታዲያ እኛ ከዚያ የበለጠ ምን በደል ተፈጽሞብን ነው የሰውን ሐቅ የምንወስደው?

ሦስተኛው «ደሃ ነን፤ ዶሩራ ነው» የሚለው ነው። እኔም ለረዥም ጊዜ የተጠለልኩት በዚህኛው ሥር ነበር። ነገር ግን ዶሩራ የሚባለው ሌላ መውጫ ሲጠፋ ነው። የተፈቀደ ምግብ ከጎኑ ተቀምጦ በክት የሚበላ ሰው ዶሩራን ሊያነሣ አይችልም። የልጅቷ ጥያቄ ያስገደደኝም ይህንኑ እንድፈልግ ነበር፤ በእርግጥ ከጎናችን የተፈቀደ ነገር የለም ወይ?

አለ፤ ያውም ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው። ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ውስጥ ከነበረ አንድ ማተሚያ ማሽን ነው። በ1980 ገደማ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ፕሮግራመር በዚያ ይሠራ ነበር። ማሽኑ ወረቀት እየነከሰ ያስቸግር ስለነበር፣ ሲቆም ለተጠቃሚዎች መልእክት እንዲልክ ፕሮግራሙን ማሻሻል ፈለገ። ሆኖም ማሽኑን የሠራው ኩባንያ የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ አልሰጠም። ምንጭ ኮድ ማለት ፕሮግራመሩ በእጁ የጻፈው፣ ሰው አንብቦ ሊረዳውና ሊያስተካክለው የሚችለው ጽሑፍ ነው። ያለ እርሱ ፕሮግራም መቀበል ወጡን በልተህ አሠራሩን አትጠይቅ እንደመባል ነው። ስቶልማን ኮዱ በእጁ ያለ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው አግኝቶ ቢጠይቀው፣ «ለማንም ላልሰጥ ቃል ገብቻለሁ» ብሎ ከለከለው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሰውየው በፊቱ ሁለት መንገዶች ነበሩት። አንደኛው እርሱም እንደሌሎቹ ባልደረባዬን አልረዳም የሚል ቃል መፈረም፤ ሁለተኛው ሰርቆ መውሰድ። እርሱ ግን ሦስተኛ መንገድ መረጠ፤ አዲስ ጉድጓድ ቆፈረ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 ማንም እንደ ልቡ ሊጠቀምበት የሚችል ሙሉ የኮምፒውተር ሥርዓት ከባዶ እንደሚጽፍ አስታወቀ። በጃንዋሪ 1984 ሥራውን ለቆ ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ጀመረ። በ1985 የነፃ ሶፍትዌር ድርጅትን መሠረተ። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የፊንላንድ ተማሪ ሊኑክስ የተሰኘውን የሥርዓቱን እምብርት ጽፎ ለዓለም አካፈለ። ከኖቬምበር 2017 ወዲህ ከዓለም እጅግ ፈጣን ተብለው የሚመዘገቡት 500 ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ኪስህ ውስጥ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነም፣ ወንድሜ ሆይ፣ አንተም ሳታውቀው ከዚሁ ጉድጓድ እየጠጣህ ነው።

ነፃ ሶፍትዌር የሚያሰኘው አራት ነገር ነው፦ ለፈለጉት ዓላማ መጠቀም፣ ምንጭ ኮዱን አጥንቶ ማስተካከል፣ ቅጂውን ለሌላ መስጠት፣ ያሻሻሉትንም ማካፈል። በቋንቋችን «በነፃ» እና «ነፃ» የሚለያዩት በአንዲት «በ» ፊደል ነው፤ የትርጉሙ ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ተሰርቆ የመጣው ፕሮግራም በነፃ ተገኘ እንጂ ነፃ አይደለም፤ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም፣ ልታስተካክለውም አልተፈቀደልህም። ነፃው ሶፍትዌር ግን በገንዘብ ቢሸጥ እንኳ ነፃ ነው፤ ገዢው ለጎረቤቱ የመስጠት መብት አለውና።

ይህንን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የሩማ ጉድጓድ ነበር። በመዲና የሩማ ውሃ ለግለሰብ ሆኖ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ሙስሊሞች ሲቸገሩ ዑስማን (ረ.ዐ) ሌሊት ሄዶ ውሃውን አልቀዳላቸውም፤ ባለቤቱንም አልዘረፈም። በገንዘቡ ገዝቶ ለሁሉም ወቀፈው። ዑመርም (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኘውን መሬት በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምክር ሲወቅፍ፣ እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይተላለፍና እንዳይወረስ ቅድመ ሁኔታ አስሮበታል። የግኑ ፈቃድም ተመሳሳይ አጥር አለው። ፕሮግራሙን አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሰው ያገኘውን ነፃነት ለተቀባዩ የማስተላለፍ ግዴታ አለበት፤ ማንም መጥቶ የጋራውን ጉድጓድ በግል ቁልፍ ሊዘጋው አይችልም።

በእርግጥ ወቅፍ ለአላህ ተብሎ የሚደረግ ዒባዳ ነው፤ ፈቃዱ ግን ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያው ከቅጂ መብት ሕግ ነው። ልብ ልንለው የሚገባን ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። «የቅጂ መብት የሚባል ነገር የለም» የሚል ሰው የሀብታሙን ኩባንያ ብቻ የጎዳ ይመስለዋል እንጂ፣ ደሃው የሚጠጣበትን የጋራ ጉድጓድ አጥር ጭምር ነው የሚያፈርሰው። ስለዚህ ነፃ ሶፍትዌርን እወዳለሁ እያለ የተሰረቀ ፕሮግራም የሚያከፋፍል ሰው የሚወደው ነፃነትን ሳይሆን አለመክፈልን ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ፕሮጀክቱን የጀመረው እኮ በፈጣሪ የማያምን ሰው ነው» ይሉኛል። ትክክል ነው፤ ራሱም አልደበቀውም። እኛ ግን ከእርሱ ዐቂዳ አልወሰድንም። በሲራ ኪታቦች እንደተወሳው የሚቤዡበት ገንዘብ ያልነበራቸው የበድር ምርኮኞች ለመዲና ልጆች መጻፍና ማንበብ እንዲያስተምሩ ተደርጓል። ጣዖት አምላኪ ያስተማረው ፊደል ቁርኣን ተጽፎበታል። ይልቅስ የሚያሳፍረው ሌላ ነገር ነው። ጠቃሚ ዒልም ትቶ የሞተ ሰው ሥራው እንደማይቋረጥ የተማርን እኛ ሆነን ሳለ፣ ዕውቀቱን ለዓለም የሰጠው ሌላ፣ የምንገለብጠው እኛ መሆናችን ነው።

ለነገሩ ማካፈል ለእኛ እንግዳ አልነበረም። በወሎና በሐረር የነበሩ ደረሳዎች የሼሁን ኪታብ በገዛ እጃቸው እየገለበጡ ነው ዒልሙን ለትውልድ ያቆዩት። ሼሁ ኪታቡን አልቆለፉም፤ ደረሳውም ያለ ኢጃዛ «ይህን ኪታብ አስተምራለሁ» አይልም። ማካፈልና ፈቃድ አብረው ይኖሩ ነበር። ዛሬም ታንዚል የተሰኘው ፕሮጀክት የቁርኣንን ጽሑፍ ለፕሮግራመሮች በነፃ ሲያቀርብ እንዲገለብጡት ፈቅዶ እንዳይለውጡት ከልክሏል። ማተሚያ ማሽን የሚያዝ ፕሮግራም ይሻሻላል፤ የአላህ ቃል ግን አይሻሻልም። የነፃነት ወዳጅ ይህንን ድንበር ማወቅ አለበት።

ስለ ወዳጅነት ካነሣሁ የራሴንም ጥፋት ልናገር። አንድን ነገር አዲስ የወደደ ሰው ችኩል ነው። ሊኑክስን እንደለመድኩ የመስጊዱን ቢሮ ኮምፒውተር ማንንም ሳላስፈቅድ ቀየርኩት። በማግስቱ ሒሳብ ያዡ አባት የዘካ መዝገባቸውን መክፈት አቅቷቸው ሲንከራተቱ ዋሉ። «ልጄ፣ ነፃ አወጣሁህ ብለህ አሰርከኝ» አሉኝ። ፋይሉን መልሼ፣ ዐፉ ብዬ፣ ለሁለት ሳምንት ከጎናቸው ተቀምጬ ሊብረኦፊስ የተባለውን የጽሑፍና የሒሳብ ፕሮግራም በአማርኛ ገጽታው አስተማርኳቸው። ነፃነት በግድ ሲጫን ዙልም ይሆናል። ፕሮግራሙን ገዝቶ የሚጠቀመውንም ወንድም ልንንቀው አይገባም፤ ዋጋውን ከፍሏልና ገንዘቡም ዕቃውም ሐላል ነው።

ፕሮግራም እየገለበጠ በመጫን ቤተሰብ የሚያስተዳድር አንድ ወዳጄም «ዳቦዬን ልትነጥቀኝ ነው?» ብሎኛል። የእርሱ ጥያቄ ከባድ ነው። ነገር ግን ነፃውን ሶፍትዌር ጭኖ፣ አስተምሮና ጠግኖ የድካም ዋጋ መቀበል ፈቃዱም ሸሪዓውም የሚከለክለው አይደለም። ገበያው መጀመሪያ ላይ ሊቀዘቅዝበት ይችላል፤ ይህንን አልሸሽገውም። ለዚህም ነው ሸክሙ በእርሱ ላይ ብቻ መውደቅ የሌለበት። መድረሳዎቻችንና መሥሪያ ቤቶቻችን እንዲህ ዓይነቱን ባለሙያ ጠርተው ተገቢውን ክፍያ ቢከፍሉት፣ ሐላሉን መንገድ ቀና ያደርጉለታል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ከሳምንታት በኋላ በተማሪዎቹ ፊት «ያኔ ጠይቀሽኝ የሸሸሁት እኔ ነኝ፤ ፕሮግራሙን አልገዛነውም ነበር። አሁን ያለው ግን ባለቤቶቹ ወደውና ፈቅደው የሰጡን ነው» አልኳት። ደስ አላትና ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «የድሮውንስ ሐቅ ማን ይከፍልልናል?» አለችኝ።

ተውባ ማድረግ ያለፈውን የሰው ሐቅ ብቻውን እንደማይሸፍን ሁላችንም ተምረናል። በመሆኑም የጥያቄውን መልስ ከዑለማዎች እየጠየቅሁ ነው። እስከዚያው ግን እናንተም ቤታችሁ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ያለውን ኮምፒውተር ከፍታችሁ ይህንኑ የልጅ ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።