ያላለቀ ሥራና የሟች ፈቃድ

አንድ የጥበብ ሰው ሳያጠናቅቀው ወይም ሳይረካበት የተወው ሥራ፣ እርሱ ካለፈ በኋላ ለሕዝብ ሊቀርብ ይገባዋልን? ጥያቄው በመሠረቱ የሥነ ምግባር ፍልስፍና ነው፤ መልሱ የሟች ፈቃድ በሕያዋን ላይ ግዴታ ይጥላል ወይስ አይጥልም በሚለው ላይ የተመሠረተ ነውና።

አሜሪካዊው የሮክ ድምፃዊና የዘፈን ደራሲ ጄፍ በክሊ እ.ኤ.አ. በ1994 «ግሬስ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን ካወጣ በኋላ፣ ሁለተኛውን በጊታር ተጫዋቹ በቶም ቨርሌይን ፕሮዲዩሰርነት በስቱዲዮ ቢቀዳም ውጤቱ አላረካውም፤ ስለዚህ ሜምፊስ ከተማ ተቀምጦ በባለ አራት ትራክ መቅረጫ፣ ማለትም አራት ድምፆችን በአንድ ካሴት ላይ ለየብቻ ቀድቶ በሚያዋህድ መሣሪያ፣ ዘፈኖችን ብቻውን ቤቱ ይቀዳ ጀመር። የባንዱ አባላት ለአዲሱ ቀረጻ ወደ ሜምፊስ በመጡበት ዕለት፣ ሜይ 29 ቀን 1997፣ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ በ30 ዓመቱ አረፈ። በተከታዩ ዓመት ኮሎምቢያ የተባለው አሳታሚ በእናቱ በሜሪ ጊበርት ክትትል ሥራውን በሁለት ዲስኮች አወጣው፤ የመጀመሪያው የስቱዲዮውን ቅጂ፣ ሁለተኛው ደግሞ በአብዛኛው የቤቱን ቅጂ ከነሻካራነቱ ይዟል። በክሊ ለአልበሙ ባሰበው ስም ላይም «ንድፎች» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተጨመረበት።

የግሪኩ ፈላስፋ ኤፊቆሮስ ሙት ስሜት ስለሌለው ጉዳት አይደርስበትም ብሎ ያስተምራል፤ በዚህ አመለካከት ከሄድን ሟቹ የሚበደልበት መንገድ የለም። አርስቶትል ግን በሥነ ምግባር መጽሐፉ የወዳጆችና የልጆች ዕጣ ሙታንንም በመጠኑ ሳይነካ እንደማይቀር ይቀበላል። ደራሲው ፍራንዝ ካፍካ ጽሑፎቹ እንዲቃጠሉ ለወዳጁ ለማክስ ብሮድ በጽሑፍ አደራ ቢልም፣ ብሮድ እምቢ ብሎ አሳተማቸው፤ አንባቢ ተጠቀመ፣ ነገር ግን የአንባቢ መጠቀም ብቻውን አደራ የበላን ሰው ነጻ አያወጣም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሊለዩ ይገባል። ያልተጠናቀቀ ሥራ ደራሲው ገና ያልወሰነበት ነው፤ ያልወደደው ሥራ ግን የወሰነበት ነው። ንድፍን በንድፍነቱ ማቅረብ በሟቹ ስም ሐሰት መናገር አይደለም፤ ያልወደደውን አሳምሮ እንደ ፍጻሜ ማቅረብ ግን ያልሰጠውን ይሁንታ እንደ ሰጠ ማስመሰል ነው። በዚህ ሚዛን ለጆሮ የተሟላ የሚመስለው የበክሊ የስቱዲዮ ቅጂ ከሻካራው የቤት ቅጂ ይልቅ ለመከላከል የሚከብድ ሲሆን፣ አሳታሚዎቹን ከወቀሳ በከፊል የሚያድናቸው ሥራው ንድፍ መሆኑን በሽፋኑ ላይ በግልጽ ማስታወቃቸው ነው።