ለአዲሷ ነርስ፦ የታካሚሽን ዓይን አትርሺ

ልጄ፣ መርፌ አወጋጉን፣ ቁስል አጠባውን፣ ፋሻ አስተሳሰሩን ኮሌጅ አስተምረውሻል። እኔ የምመክርሽ ስለ ታካሚሽ ዓይን ነው። በዚህ ሙያ ያረጀን ሰዎች እጃችን ስለሚሠራው እንጂ እሱ ስለሚያየው እምብዛም አናስብም።

ህመም ከቁስሉ ተነስቶ እንዳለ አንጎል የሚደርስ ይመስለናል። ነርቭ የሚያደርሰው ግን የአደጋ ወሬ ብቻ ነው። ምን ያህል ሊያም እንደሚገባ የሚፈርደው አንጎል ነው፤ ሲፈርድም ዓይንን ምስክር ይጠራል።

ምስክሩ ደግሞ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1995 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ያወጣው ታሪክ አለ። አንድ የ29 ዓመት የግንባታ ሠራተኛ ከላይ ዘሎ 15 ሳንቲ ሜትር ሚስማር ላይ ያርፋል፤ ሚስማሩም ጫማውን በስቶ ይወጣል። ትንሽ በተነካ ቁጥር ስቃዩ ስለበረታ ጠንካራ ማስታገሻ ተሰጠው። ጫማውን ሲያወልቁለት ግን ሚስማሩ በጣቶቹ መካከል አልፎ ኖሯል፤ እግሩ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። እንዳትስቂበት! ሰውየው አላስመሰለም፤ ቁስል ባይኖርም ህመሙ እውነት ነበር። ስለዚህ «ምንም አልሆንክም፣ አትቀበጥ» የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ።

እናቶቻችን ልጅ ሲያስወጉ «ዞር በል፣ አትይ» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የጀርመን ተመራማሪዎች ለሰዎች የኤሌክትሪክ ንዝረት እየሰጡ በስክሪን ላይ እጅ አሳዩዋቸው። እጁ በመርፌ ሲወጋ ያዩ ጊዜ፣ በጥጥ ሲነካ ካዩበት ጊዜ ይልቅ ንዝረቱ ከብዷቸዋል። እንግዲህ ሲሪንጁን ዓይኑ ሥር አንስተሽ አየር አታስወጪ። መቀስና መርፌ የተደረደረበትን ትሪም ከራስጌው አርቂው፤ ይህ ወጪ የለውም።

ይህን ስልሽ ግን ሁሉንም ሰው ዓይንህን ጨፍን በይ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የለንደንና የሚላን ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎች የገዛ እጃቸውን እያዩ ሙቀት ሲነካቸው፣ እንጨት ከሚያዩበት ጊዜ በአማካይ 3 ዲግሪ ገደማ የበለጠ ሙቀት እንደቻሉ አሳይተዋል። እጁ ጎልቶ ሲታያቸው ደግሞ ይብስ ቻሉ። እጃቸውን ለረጅም ጊዜ ባመማቸው ሰዎች ላይ ግን የአውስትራሊያዊው ሎሪመር ሞዝሊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ተቃራኒውን አግኝቷል፤ የታመመው እጅ በማጉያ ሲታይ ህመሙም እብጠቱም ጨመረ፣ አንሶ ሲታይ ቀነሰ። ስለዚህ አትፍረጂ፣ ጠይቂ። ማየት የሚያረጋጋው ሰው አለ፤ ይይ።

እግሩ የተቆረጠ ሰው «የሌለው ጣቴ ያመኛል» ሲልሽም እመኚው። የነርቭ ሳይንቲስቱ ራማቻንድራን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እጃቸው ተቆርጦ እንዲህ ለሚያማቸው ሰዎች መስታወት አቆመላቸው። ጤነኛው እጅ መስታወቱ ውስጥ ሲታይ የጠፋው የተመለሰ ይመስላል፤ አንዳንዶቹም ጭምድድ ብሎ የያዛቸው ህመም ለቀቃቸው። ሁሉንም አይረዳም። ቢሆንም መስታወት ርካሽ ነው፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን አማክሪና ሞክሩት።

አንድ ነገር አደራ፦ በዚህ ሁሉ ሰበብ የታዘዘለትን ማስታገሻ እንዳታጎድዪበት። ዓይኑን መጠበቅ በመድኃኒቱ ላይ የሚጨመር ነው፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስጪው።