የአዛውንቶች ድምፅ የማን አማና ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



በቅርቡ ከዐስር ሶላት በኋላ በሰፈራችን መስጊድ ግቢ ቁጭ ብለን ስንጨዋወት፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የጨረሰ አንድ ወጣት ያልጠበቅነውን ነገር አነሳ። «ሕጉ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ አይምረጥ ይላል፤ አእምሮው አልበሰለም ማለቱ ነው። እንግዲያው ከሰባ ዓመት በላይ የሆነውስ ለምን ይመርጣል? የሚመጣውን ክፉም ሆነ ደግ የምንኖርበት እኛ ነን። እነሱ እኮ…» ብሎ ቀሪውን ዋጠው። ከአጠገቡ ሰባን ያለፉ ሁለት አባቶች ተቀምጠው ነበርና። አንደኛው ጆሯቸው ስለማይሰማ ፈገግ አሉ። ሌላኛው ግን ሰምተዋል፤ ሙስበሓቸውን መቁጠራቸውን ግን አላቋረጡም።

ከመካከላችን ልጁን የተቆጡት ነበሩ። እኔ አልተቆጣሁም። «ባለጌ» ብሎ ዝም ማሰኘት ቀላል ነው፤ መልስ ግን አይሆንም። ዝም ያልኩበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ እርሱን ኋላ እናገራለሁ።

በመሠረቱ ሐሳቡ የልጁ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ አሜሪካዊ ጸሐፊ አዛውንቶች ከመምረጥ ይታገዱ የሚል ጽሑፍ በታወቀ መጽሔት ላይ አውጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት የካቶሊኮች ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ካርዲናሎች አዲስ ጳጳስ በሚመረጥበት ጉባኤ እንዳይሳተፉ ደነገጉ፤ ድንጋጌው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ክርክሩ በጣም የተጋጋለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2016 እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ከሰጡ በኋላ ነው። ከመቶው 52ቱ «እንውጣ» አሉ። ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ካሉት አብዛኞቹ ለመውጣት፣ ከሃያ አምስት በታች ካሉት አብዛኞቹ ለመቆየት መምረጣቸው ሲታወቅ፣ «አያቶቻችን የወደፊት ሕይወታችንን ሸጡት» ያለ ወጣት ብዙ ነበር።

እንግሊዝ አገር ሽማግሌው ብዙ ነው፤ የወጣቱ ስጋት ቢያንስ ቁጥር አለው። በእኛ አገርስ? ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዕድሜው ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላም። ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ያሉት ከመቶው አራት እጅ አይሞሉም። እነዚህ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ቢመርጡ የወጣቱን ዕድል ይዘጋሉ ማለት ከጓዳ ውስጥ አንበሳ መፈለግ ነው። የካርዲናሎቹም ነገር ቢሆን እኛን አይመለከትም። ካርዲናል የሚመርጠው በሹመቱ ነው፤ ሹመት ደግሞ ማብቂያ ይበጅለታል። ተራ ሰው የሚመርጠው ሰው በመሆኑ ነው፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ላይም 18 ዓመት ተብሎ መነሻው እንጂ መድረሻው አልተጻፈም።

የሕጉን ነገር እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ዲናችን ልምጣ።

ብዕር የተነሳላቸው፣ ማለትም የማይጠየቁት፣ ሕፃን እስኪደርስ፣ የተኛ እስኪነቃ፣ አእምሮውን ያጣ እስኪመለስለት መሆናቸውን በሐዲስ ተምረናል። ሦስቱንም ያገናኛቸው የአእምሮ አለመኖር ነው። የዕድሜ ቁጥር አይደለም። እርግጥ ነው፣ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ነሕል 70ኛው አንቀጽ ላይ ከእኛ ውስጥ ወደ ወራዳው ዕድሜ የሚመለስ፣ ካወቀ በኋላ ምንም የማያውቅ የሚሆን እንዳለ ነግሮናል። ይህን አንክድም። ነገር ግን አንቀጹ «ከእናንተ ውስጥ አለ» ይላል እንጂ ሰባ የሞላው ሁሉ እንዲህ ነው አይልም። አእምሮው የጠፋ ሰው በሠላሳም ሆነ በዘጠና ዓመቱ ያው ነው፤ ፍርዱም በየሰዉ ነው።

ዲናችን ሽማግሌን እንዴት እንደያዘው ደግሞ ተመልከቱ። መጾም ያቃተው አዛውንት ፊድያ ያወጣል፤ ረመዳን ግን የእርሱም ረመዳን ነው። በመጨረሻው ሐጅ ላይ ከኸስዐም ጎሣ የሆነች ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርባ፣ አባቷ በከብት ጀርባ ላይ መቀመጥ እንኳ የማይችሉ ሽማግሌ መሆናቸውን ገልጻ፣ በርሳቸው ምትክ ሐጅ ላድርግላቸው ወይ ብላ ጠየቀች። ፈቀዱላት። «አባትሽ አርጅተዋል፣ ይቅርባቸው» አላሏትም። እግሩ የልጅቱ ነው፤ ሐጁ ግን የአባትየው ነው። (በነገራችን ላይ ብራዚሎች ለዚህ የሚቀርብ ሕግ አላቸው። በአገራቸው መምረጥ ግዴታ ሲሆን፣ ከሰባ ዓመት በላይ ለሆነው ግዴታው ይነሳለታል፤ መብቱ ግን አይነካም።)

ከዚህ ሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን ሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ነው። ስለ ዕዳ አጻጻፍ የሚናገረው ረጅሙ አንቀጽ ማለቴ ነው። ማስጻፍ ያለበት ሰው ደካማ ከሆነ ወይም ራሱ ማስጻፍ ካልቻለ፣ ወሊዩ በፍትሕ ያስጽፍለት ዘንድ ያዝዛል። ወንድሞችና እህቶች፣ ልብ በሉ! ሰውዬው ስለደከመ ጉዳዩ አልተሰረዘም፤ ለወሊዩም አልተሰጠም። ወሊዩ ብዕሩን ይይዛል እንጂ የራሱን ጉዳይ አይጽፍበትም። ከዘመናችን ዑለማዎች አንዳንዶቹ ድምፅ መስጠትን ከምስክርነትና ከአማና ጋር ያያይዙታል። እንደዚያ ከሆነ ይህ አንቀጽ በቀጥታ ወደ ምርጫ ጣቢያ ይወስደናል።

ወጣቱ «እነሱ ያለፈበትን ነው የሚያስቡት» ሲል፣ የሶሓቦችን ታሪክ ያነበበ አይመስለኝም። በሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ የመካ ሙሽሪኮች ሲመጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎቹን አማከሩ። ታላላቆቹ መዲና ውስጥ ሆነን እንከላከል አሉ፤ የነቢዩም ፍላጎት ይኸው ነበር። ወጣቶቹ እንውጣ አሉ፤ አብዛኛው ከነሱ ጋር ሆነ፤ ወደ ኡሑድ ተወጣ። የሽማግሌዎቹ ሐሳብ ተሸነፈ እንጂ አልተከለከለም። ከዑመር (ረ.ዐ.) በኋላ ኸሊፋ ሲመረጥም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ሦስት ቀን መዲናን ዞሩ። ኢብኑ ከሲር እንደዘገቡት በየቤታቸው ያሉ ሴቶችን፣ በየመክተቡ ያሉ ልጆችን፣ ከውጭ የመጡ መንገደኞችን ሳይቀር ጠይቀዋል። ልጅ የጠየቀ ሰው ሽማግሌ ይዘላል?

ለአባቶችም የምለው አለኝ፤ እንዳይቀየሙኝ። ድምፅ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ ወንበር መያዝ ሌላ ነገር ነው። የልጁ ብስጭት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በየመስጊዱ ኮሚቴ፣ በየዕድሩ፣ በየማኅበሩ አንዴ ገብተው ሃያ ዓመት የማይነሱ አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገና በሃያ ዓመቱ ደጃፍ ላይ የነበረውን ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን የጦር አዛዥ አድርገው ሾመውታል። ዑመርን የመሰሉ በሠራዊቱ ውስጥ ነበሩ። አቡበክር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ ሆነው ዑመርን መዲና ለማስቀረት ሲፈልጉ ከዚያ ወጣት ፈቃድ ጠየቁ። ዕድሜያቸው ስልሳ ገደማ ነበር። ወጣቱ አዛዥ ሲሆን ታዝዘዋል፤ ነገር ግን ማንም «እንግዲህ አርጅታችኋል፣ አትናገሩ» አላላቸውም።

የአቡበክር አባት የአቡ ቁሓፋ ነገርም አይረሳኝም። መካ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ስትከፈት ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ፀጉራቸው እንደ አበባ ነጥቶ ነበር። ልጃቸው እየመሩ ወደ ነቢዩ አመጧቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሽማግሌውን ለምን ከቤታቸው አነሳሃቸው፣ እኔ ራሴ እሄድላቸው ነበር በሚል ስሜት አቡበክርን ተናገሯቸው። እንግዲህ አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት ሸሃዳ ለመስጠት ቃሉን ከአፋቸው ነው የተጠየቁት። ልጃቸው አቡበክር ነበሩ፤ ከርሳቸው የበለጠ ታማኝ ወኪል አይገኝም። ሆኖም «እኔ ልበልላቸው» አላሉም።

አሁን ያሉት አዛውንቶቻችን ደግሞ እንዲሁ የተቀመጡ ሰዎች አይደሉም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ ያደረጉት እነዚህ ናቸው። ያኔ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እንጂ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» አንባልም ነበር፤ ዒዳችን የሥራ ቀን ነበር። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ወጥተዋል። አባቴ (አላህ ይዘንለት) ከሰልፈኞቹ አንዱ ነበር። እናቴ እኔን ሕፃኑን ይዛ እስኪመለስ በር ላይ ቆማ እንደጠበቀችው ደጋግማ ነግራኛለች። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ዒደል ፊጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። እንደ ዜጋ መቆጠርን የጠየቁልን ሰዎች ዛሬ ሰባ ሲሞላቸው ከቆጠራው እናውጣቸው እንዴ?

ይህን ሁሉ ለዚያ ወጣት በዚያ ምሽት ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ምክንያቱ ይህ ነው።

በአገራችን የሽማግሌን ድምፅ በሕግ የነጠቀ የለም። የሚነጠቀው በልጅ እጅ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ በተካሄደ ዕለት እናቴን ይዤ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄድኩ። ሰባ አምስት ዓመቷ ነበር። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ወረቀት አታይም። የመራጭነት ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከሱብሒ ጀምሮ ነበር የጠበቀችኝ። ሰልፉ ረጅም ቢሆንም ሰዎች አይተው ወደ ፊት አስቀደሟት። ማየት ያልቻለ መራጭ ራሱ የመረጠውን ረዳት ይዞ መግባት ስለሚፈቀድለት፣ አብሬያት ገባሁ።

መንገድ ላይ ማንን እንደምትመርጥ ነግራኝ ነበር። ለምን ብላት፣ «ከሁሉም እኛ ደጅ ድረስ መጥቶ ያናገረኝ እሱ ብቻ ነው» አለችኝ። በሆዴ ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ምክንያት ድምፅ ያሰጣል? እኔ ነገሩን የማውቀው ነበርኩ፤ ጋዜጣ አነባለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር ስከራከር ከርሜያለሁ። መጋረጃው ውስጥ ብዕሩን ያዝኩና ምልክቱን እኔ የምፈልገው ላይ አደረግሁ። ወረቀቱን አጥፌ ሰጠኋት። በእጇ ዳብሳ ኮሮጆው ውስጥ ከተተችው።

ስንወጣ፣ «ያልኩህ ላይ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ» አልኳት።

«አላህ ይባርክህ። ዓይን ሆንክልኝ።»

ቀጥሎ የራሴን ድምፅ ሰጠሁ። ያን ዕለት ሁለት ጊዜ መረጥኩ ማለት ነው። በአንዱ ጣቴ ላይ ብቻ ቀለም ነበር። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም፤ ለአገር የሚበጀውን አድርጌያለሁ ብዬ ነበር። ያ ዱዓዋ ግን አላስተኛኝም። ውሎ ሲያድር የኔንም ምክንያት መረመርኩት። እኔ የመረጥኩት ሰው አንድም ቀን አናግሮኝ አያውቅም፤ ጓደኞቼ ስላወሩለት ነበር የመረጥኩት። የእናቴ ምክንያት ከኔ የተሻለ ነበር። ቢያንስ ራሷ ሰምታ፣ ራሷ መዝናለች።

ስለዚህ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች የምለምናችሁ ነገር አለኝ። መጋረጃው ውስጥ ስትገቡ ያሉትን ዕጩዎችና ምልክቶች ሁሉ ከላይ እስከ ታች አንብቡላቸው፤ የምትወዱትን ብቻ አታንብቡ። «እርግጠኛ ነሽ?» ብላችሁ ሁለቴ አትጠይቁ፤ በአንደበት መጫን ነው። ያሏችሁን አድርጋችሁ ውጡ፤ የሰማችሁትንም ለማንም አታውሩ።

ለአረፋ ዋዜማ፣ ሐምሌ 12 ቀን፣ ሰው ሁሉ ለዒድ ሲሯሯጥ እናቴ ጓዳ ቁጭ ብላ ነጭ ሽንኩርት በዳበሳ ትልጥ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳት። እጇ ቆመ። ምንም አላለችም። «እማዬ፣ አፉ በይኝ» አልኳት። ቆየት ብላ መላጧን ቀጠለች።

«አፉ ብያለሁ። ነገ ዒድ ነው፤ ቂም ይዤ አልሰግድም» አለች። ሁለት ሦስት ፍሬ ከላጠች በኋላ ደግሞ፣ «ለሚመጣው ምርጫ ግን የሐዋ ልጅ ናት የምትወስደኝ። ነግሬያታለሁ በለው ለወንድምህም» አለችኝ።